«ተክሎቼ እየተነቀሉ ይንሳፈፋሉ» ላልሽው እህቴ

ማታ በዓሣ ገንዳሽ (አኳሪየም) ጠጠር ውስጥ የተከልሻቸው ተክሎች ጠዋት ውሃው ላይ ተንሳፍፈው እንደሚጠብቁሽ፣ በሱፐር ግሉ ብታጣብቂያቸው ደግሞ ዓሦቹን እንዳይገድልብሽ እንደፈራሽ ጽፈሻል። አጭሩ መልስ ይኼ ነው፦ ሱፐር ግሉው ከደረቀ በኋላ ዓሣ አይጎዳም። ተክሎቹ የታሰሩበትን የእርሳስ ብረት ጥብጣብ ግን ዛሬውኑ አውልቂው።

1. መቼም ያንቺም እንደኔው በነዶ ታስረው ነው የመጡት፤ ታች በኩል በእርሳስ ጥብጣብ ተጠምጥመው። የሸጠልኝ ሰውዬ «እንዳለ ቅበረው፣ አትንካው» ብሎ ነው ያሰናበተኝ። እንዳለኝ ቀበርኩት። ላዩ አረንጓዴ እንደሆነ ከሥሩ ተበጥሶ ወጣ። እርሳሱ የያዘው ቦታ ጠቁሮ፣ በጣት ሲነኩት ይሟሟል፤ ሽታው የበሰበሰ እንቁላል ነው። ለምን መሰለሽ? ጥብጣቡ ለስላሳውን ግንድ ይጨፈልቀዋል። የተቆለሉት ቅጠሎችም መሀል ላይ ውሃ አይዘዋወርም፣ ብርሃን አይገባም፣ ከዚያ መበስበስ ነው። ውሃው ለስላሳና አሲዳማ ከሆነ ደግሞ እርሳሱ ራሱ በጥቂቱ ሊሟሟ ይችላል።

ተክሉን ይዤ ብመለስ ሰውዬው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ውሃህ ቆሻሻ ነው!» ያውም ሰው ሁሉ እየሰማ። ውሃዬን እኮ ለክቼዋለሁ፤ ዓሣ የሚመርዙት አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ ነበሩ። እሱ ጋ ያሉት የታሰሩ ተክሎች ሥራቸው ጥቁር መሆኑን እያየሁ ነው የወጣሁት። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። አንቺን ማንም እንዲህ እንዲያሸማቅቅሽ አትፍቀጂ።

እርሳሱን ከፈታሽ በኋላ የጠቆረውን ቁረጪና ጣይ። የታችኞቹን ቅጠሎች አራግፊ። ከዚያ ግንዶቹን አንድ በአንድ፣ በረጅም ወረንጦ፣ ትንሽ አጋድመሽ ትከያቸው። ቀጥ ብሎ የገባ ግንድ ወረንጦውን ስታወጪ ተከትሎ ይወጣል። በመካከላቸው ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ተዪ። የጠጠሩ ጥልቀት ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ ካነሰ በደንብ አይዝም።

2. አኑቢያስና ጃቫ ፈርን የሚባሉት የውሃ ተክሎች ካሉሽ ጭራሽ አትቅበሪያቸው። ቅጠልና ሥር የሚበቅልበት ወፍራም አግድም ግንድ አላቸው፤ እሱ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ሱፐር ግሉው የሚያስፈልግሽ እዚህ ላይ ነው፦ ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ ታጣብቂያቸዋለሽ። ማሸጊያው ላይ «ሳይኖአክሪሌት» (የሱፐር ግሉ ኬሚካላዊ ስም) የሚል፣ ጄል የሆነውን ፈልጊ፤ ቀጭኑ ፈሳሽ ወደማይፈለግበት ይሮጣል። ድንጋዩንም ሥሩንም በጨርቅ አድርቂ፣ አንድ ጠብታ አድርጊ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ተጫኚው። ውሃ ሲነካው ይነጣል፣ አትደንግጪ፤ የደረቀው ማጣበቂያ ነው፣ ውሎ አድሮ አልጌ (አረንጓዴው ስስ የውሃ ዕፅ) ይሸፍነዋል።

ማጣበቂያውን ካላመንሽው የጥጥ ክር አለልሽ። በጊዜ ብዛት በስብሶ ይወድቃል፤ እስከዚያ ሥሩ ራሱ ድንጋዩን ይይዛል። የመዳብ ሽቦ ግን አደራ! ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ይፈጃል። ድንጋዩንም ላዩ ላይ ኮምጣጤ ጠብ አድርገሽ ፈትሺው። አረፋ ከደፈቀ ኖራ አለበት፣ ውሃሽን ጠንካራ (ማዕድን የበዛበት) ያደርገዋል።

የኔ አኑቢያስ ዛሬ ሥሩ እንጨቱን ተብትቦ ይዞታል፣ ብትጎትቺው ንቅንቅ አይልም። ውሃ ውስጥ እንዳለ ነጭ አበባ አውጥቷል። ግንዱን እየቆረጥኩ ለስንቱ የዚህ የዓሣ ገንዳ ቡድናችን አባል አካፍያለሁ!

ምን ዓይነት ዓሣ እንዳለሽ ግን አልጻፍሽም። ጎልድፊሽ ወይም ትልልቅ ሲክሊድ ከሆኑ ነቃዮቹ እነሱ ናቸው፣ ጠጠሩን ሲቆፍሩ ነው የሚውሉት። እንደዚያ ከሆነ ጠጠር ላይ ያለውን ተክል ዙሪያውን በጠፍጣፋ ድንጋይ ክበቢው፣ ወይም ሁሉንም ትተሽ አኑቢያስ ብቻ እንጨት ላይ አጣብቂ። ቅጠሉ ጠንካራ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይነኩትም።