በር ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ለጠየቅሽው እህቴ

«ማንንም ያለማስተናገድ መብታችን የተጠበቀ ነው» የሚል ወረቀት ብለጥፍ ያድነኛል ወይ ብለሻል። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሬስቶራንት ስከፍት እኔም ነበረኝ። በ12 ዶላር ገዝቼ ሰቀልኩት፤ 7 ሺህ ዶላር ከፍዬ አወረድኩት።

1. ወረቀቱ ህግ አይሽርም። የሰከረውን፣ ተሳዳቢውን መመለስ ትችያለሽ። በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በመጣበት አገር መመለስ ግን ከ1964 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአሜሪካ ፌደራል ህግ ክልክል ነው። ይሄ አይጠፋሽም። እኛ ሐበሾች የምንወድቀው ሌላ ቦታ ነው።

2. ውሻ! አርብ ማታ ቤቱ ጢም ብሏል። አንድ ወጣት ትንሽዬ ውሻ ይዞ ገባ። ዓይኑ ያያል፣ እግሩ ይራመዳል። ጥግ ላይ የነበሩ እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ውሻና ማዕድ እኛ ዘንድ እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። «የውሻውን ወረቀት አሳየኝ» አልኩት። የበላችኝ ይህቺ ቃል ናት። ልጁ የሚጥል በሽታ አለበት፤ ውሻው ሳይነሳበት በፊት ያስጠነቅቀዋል። እኔ ግን የበሩን ማስታወቂያ በጣቴ እያሳየሁ አስወጣሁት።

ደብዳቤ መጣ። ቅሬታ የሚያየው ቢሮ ስሄድ ሴትዮዋ በእንግሊዝኛዬ ፊቷን አጨማደደች፤ «ሌላ የሚያናግረኝ ሰው የለም?» አለች። አድልዎ ሊከላከል የተቋቋመ ቢሮ እኮ ነው! ጠበቃዬ ደግሞ የማስታወቂያውን ፎቶ አይቶ «ማስረጃውን ራስህ ሰቅለህላቸዋል» አለኝ።

የ1990ው (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ህግ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው የሚፈቅድልሽ። ውሻው በአካል ጉዳት ምክንያት የሚያስፈልግ ነው? ምን እንዲሠራ ሰልጥኗል? በቃ። የውሻው ወረቀት፣ የሥራ ውሻ ልብስ (ቬስት)፣ «ምን አመመህ» ብሎ መጠየቅ የለም። አለርጂ አለብኝ፣ አስተናጋጄ ትፈራለች ማለትም አያወጣሽም። እየጮኸ ካስቸገረና ባለቤቱ ካልተቆጣጠረው፣ ወይም ካቆሸሸብሽ፣ ውሻውን አስወጪ። ሰውየውን ግን ያለ ውሻው ግባ ትይዋለሽ።

3. ሠራተኞችሽን አስጠኚ ልልሽ ነበር፤ እኔ ራሴ ነኝ ያጠፋሁት፣ ምን አፍ አለኝ።

ባለፈው ወር አንዲት ሴት ውሻ አቅፋ መጣች። ሁለቱን ጥያቄ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ወጣኋቸው። ምን ይሠራል ስላት «ደስ ያሰኘኛል» አለች። ማጽናኛ ውሻ እዚህ ህግ ውስጥ አይገባም። በትህትና ነገርኳት፣ ቀኑንና ሰዓቱን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ጥብሷን ቱ ጎ አስጠቅልላ ሄደች። እስካሁን ደብዳቤ አልመጣም።