ደብረ ብርሃን ላይ በጎ ፈቃደኞችን ሳስተባብር ከረምኩ፤ ጠይቁኝ

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ለብሔራዊ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ተመዘገብኩ። ሥልጠናውን ጨምሮ አንድ ዓመት ገደማ ነው። እኔ የሀዋሳ ልጅ ነኝ፤ የደረሰኝ ግን ደብረ ብርሃን፣ አረጋውያንን የሚረዳ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነበር። ሥራዬ በጎ ፈቃደኞችን ማስተባበር ነው። ለመመዝገብ ያሰባችሁ ብዙ ስለጠየቃችሁኝ እዚሁ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ማስተባበር ስትዪ ቀኑን ሙሉ ምን ትሠሪያለሽ?

አብዛኛው ስልክ ነው። ቅዳሜ የእናቶችን ልብስ ማጠብ፣ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መፍለጥ ይኖራል። ማን የማን ቤት እንደሚሄድ እስከ ሐሙስ ማለቅ አለበት። ዓርብ ማታ ለእያንዳንዱ እደውላለሁ። ቴሌግራም ላይ «እሺ» የሚል ሞልቷል። ስልክ አንስቶ «እመጣለሁ» ያለኝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ሰው ይመዘገባል፣ ከዚያ ይጠፋል ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ የሚጠፋው ሰው አይደለም። በመጀመሪያው ወር የአንድ አባት ቤት ለማደስ 40 ሰው ጠራሁ። ሁሉም ለማለት ይቻላል መጡ። የነበረን ሁለት አካፋና አንድ ዶማ ነው። አሥሩ ሲሠሩ ሌላው እጁን አጣምሮ ቆመ። በሚቀጥለው ሳምንት ዘጠኝ ሰው ብቻ መጣ። እኔም በወጣቱ አዘንኩ።

የሰፈሩ የእድር ዳኛ ናቸው ያስተካከሉኝ። «ልጄ፣ ደቦ የሚጠራ ሰው መጀመሪያ ሥራውን ይቆጥራል» አሉኝ። አጫጁን ሲጠራ ማሳው ስንት ሰው እንደሚበላ ያውቃል። ምሳውና ጠላውም ቀድሞ ይሰናዳል። ከዚያ ወዲህ ስምንት ሰው ለሚፈልግ ሥራ አሥር ሰው ነው የምጠራው። ሲመጡ እያንዳንዱ የሚይዘውን ዕቃና የሚጨርስበትን ሰዓት እነግረዋለሁ። ሻይና ቆሎም አይጠፋም። ሰው የሚሸሸው ሥራው ሲበዛበት ብቻ ይመስለን ነበር። ብርድ ላይ ያለ ሥራ መቆም ግን ይብሳል።

ጥያቄ፦ ደመወዝ አለው?

የለውም። የኪስ ገንዘብ ነው። ቤት ለብቻ ከመከራየት ተጋሩ።

ጥያቄ፦ ብርዱስ እህቴ?

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀችው ያለ ነገር አይደለም! ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቀጥሬ ብቻዬን ቆሜ አውቃለሁ። ቀጠሮውን ፀሐይ ወጥታ ሞቅ ሲል፣ ወደ ሦስት ሰዓት ብገፋው ሁሉም መጣ። ጋቢ ይዛችሁ ኑ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ በ1967 የዕድገት በኅብረት ዘማች ነበርኩ። ያሁኑ ከዚያ በምን ይለያል?

አባቴ፣ ጥያቄዎን ሳነብ ደስ አለኝ። በእርስዎ ዘመን ወደ 60,000 የሚጠጋ ተማሪና መምህር ገጠር ወርዷል። ከዚያም በፊት ከ1957 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን ለማግኘት አንድ ዓመት ወጥቶ ማገልገል ነበረበት፤ ብዙዎቹ አስተማሪ ሆነው ነው ያገለገሉት። ያ ግዴታ ነበር። እኔ ወድጄ ነው የገባሁት፤ የማስተባብራቸው ልጆችም እንዲሁ። ስለዚህ ማዘዝ አልችልም፤ መለመን፣ ማመስገን፣ በስም መጥራት ነው ያለኝ። እርስዎ ዘምተው ያዩትን ቢጽፉልን ግን እኛ እንማርበታለን።

ጥያቄ፦ ከከተማ ወጥታችሁስ ታውቃላችሁ?

አንድ ጊዜ መንዝ ሄደናል። አንዲት እናት ቤታቸው የድንጋይ ነው፤ ክዳኑ የጓሳ ሳር። ጥጉ ላይ ያፈሳል፤ ከሥሩ ድስት አስቀምጠዋል። ልጆቹ ወዲያው ገንዘብ አዋጥተን ቆርቆሮ እንግዛ አሉ። እማማ እሳቱን እየቆሰቆሱ ዝም ብለው ሰሙን። ከዚያ «ቆርቆሮ ሌሊት ይበርደኛል ልጆቼ፣ ሳሬን መልሱልኝ» አሉ።

ሳሩ ደግሞ በፈለጉት ቀን አይታጨድም። የመንዝ ሰው ይህ ሳር የሚበቅልበትን የጓሳን መሬት ድሮ ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ይጠብቀው ነበር፤ ዛሬም በጋራ ይጠብቀዋል። የሚታጨደው ሲፈቀድ ብቻ ነው። ስለዚህ ለጊዜው በላስቲክ ሸፍነን ተመለስን። በበጋ ሳሩ ሲገኝ፣ ክዳን የሚያውቁ የሰፈሩ አባቶች ላይ ሆነው ከደኑ፤ የእኛ ልጆች ከታች ሳር አቀበሉ። ከዚያ በኋላ ማንም ቤት ስገባ መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን እንሥራልዎ?» ብዬ ነው።

ጥያቄ፦ ከሌላ አካባቢ ለምንመጣ ምን ትመክሪናለሽ?

የበዓላቱን ቀን ያዙ። እኔ በ21 ማርያም ቀን ቁፋሮ ቀጥሬ ዶማ የሚያውሰን ቤት አጣሁ።

ጥያቄ፦ አንቺ ስትወጪ ሥራው አይፈርስም?

ይህ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ስለዚህ ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፍኩት፦ ማን የትኛው ቀን እንደሚመቸው፣ ማን ግድግዳ መምረግ እንደሚችል፣ የትኛዋ እናት ጆሯቸው ስለማይሰማ በር ሲያንኳኩ ጠበቅ ማድረግ እንደሚያስፈልግ። ደብተሩን የተረከበችው ራሷ በጎ ፈቃደኛ የነበረች የከተማው ልጅ ናት። በመጨረሻው ዓርብ አጠገቧ ተቀምጬ እሷ ደወለች። ከአሥሩ ዘጠኙ አነሱ። አሥረኛውን ቅዳሜ ጠዋት ቤቱ ድረስ ሄዳ ይዛው መጣች።