ጥያቄና መልስ፦ «ልጄ ሞርፊን ይወስዳል ተባልኩ»

ሥራዬ ሽንትና ደም ውስጥ ያለ ዕፅና መርዝ መመርመር ነው። ዛሬ የምመልሳቸው ሦስቱም ደብዳቤዎች ከተወለድኩበት ከጎንደር የመጡ ናቸው። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ሌሎቹ ይታገሱኝ።

«ጤና ይስጥልኝ ልጄ። የምኖረው አዘዞ ነው። የመጨረሻው ልጄ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ጥምቀት እንዳለፈ ቲቢ ተገኘበትና ጤና ጣቢያ መድኃኒት ጀመረ። አሁን ሦስተኛ ወሩን ይዟል፣ ሳሉ ለቆታል፣ ሥጋም ጨምሯል። በዚህ መሀል አንድ ድርጅት ሊቀጥረው ሽንት አስመረመረው። እዚያው ቆሞ ሳለ ‹ሞርፊን ፖዘቲቭ› የሚል ወረቀት ሰጥተው መለሱት። ልጄ እንኳን ሞርፊን ጠላም በወጉ አይጠጣም። እናቱ እህል አልቀምስ ብላለች፣ ሰፈሩም ሰምቷል። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ማሽን ይዋሻል ወይ? ደግሞስ መድኃኒቱን ለሁለት ሳምንት አስቁመን ሌላ ቦታ ብናስመረምረውስ?»

አባቴ፣ ከሁለተኛው ልነሳ፣ እሱ አያድርምና። መድኃኒቱን እንዳያቆም፤ አንድ ቀንም ቢሆን። ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ በስልክ የነገርኩዎትን እዚህ የምደግመው፣ ይህንኑ ሐሳብ የያዘ ሌላ አባት ሊያነበው ስለሚችል ነው። የቲቢ መድኃኒት ሲቋረጥ ጀርሙ መድኃኒቱን ይለማመዳል። ያኔ በስድስት ወር የሚያልቀው ሕክምና ረዝሞና ከብዶ ይመጣል። ሥራ ዛሬ ባይገኝ ነገ ይገኛል፤ ሳንባ ግን እንደዚያ አይደለም።

ማሽን ይዋሻል ወይ ላሉኝ፦ የልጅዎን ሽንት ማሽን አላየውም። በስልክ ስጠይቅዎ ጣት የሚያህል ፕላስቲክ ኩባያው ውስጥ ነክረው አምስት ደቂቃ ያህል እንደጠበቁ፣ ልጅዎም ያየው አንድ ቀይ መስመር ብቻ እንደነበር ነግረውኛል። እሱ ስትሪፕ ይባላል። አነባበቡ ሰው ከሚገምተው የተገለበጠ ነው። ሁለት መስመር ከወጣ ዕፁ አልተገኘም ማለት ነው፤ ሁለተኛው መስመር ደብዘዝ ቢልም እንኳ አልተገኘም ተብሎ ነው የሚነበበው። ከላይ ያለው የመቆጣጠሪያ መስመር ብቻውን ሲቀር ነው ፖዘቲቭ የሚባለው።

ስትሪፑ ዕፅን የሚያውቀው በቅርፁ ነው። ሞርፊንን እንዲይዝ የተሠራ አንቲቦዲ፣ ማለትም አንድን ነገር በቅርፁ ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን፣ ተቀብቶበታል፤ ያ አንቲቦዲ ደግሞ አንዳንዴ ባዕዱንም ይይዛል። የጉንፋን መድኃኒቱ ሱዶኤፌድሪን በአምፌታሚን ስትሪፕ ላይ፣ የኤችአይቪ መድኃኒቱ ኤፋቪረንዝ በካናቢስ ምርመራ ላይ እንዲህ ሲያሳስቱ ታይቷል። በአንዳንድ የሞርፊን ምርመራዎች ላይ ከሚያሳስቱት ውስጥ ደግሞ ስሙ የታወቀው ሪፋምፒሲን ነው፤ ልጅዎ በየማለዳው የሚውጠው፣ ሽንቱንም ብርቱካንማ ቀይ የሚያደርገው ያው መድኃኒት። ለዚህ ነው እንዲህ ያሉ ስትሪፖች ይዘውት የሚመጡት መመሪያ ራሱ «ይህ የመጀመሪያ ደረጃ ውጤት ነው፣ በሌላ ዘዴ ይረጋገጥ» የሚለው። ያን መስመር ሳያነቡ የሰው እንጀራ መቁረጥ ያናድደኛል፤ ይህን ሳልሸሽግ ነው የምጽፈው።

የሚያረጋግጠው ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባለው ማሽን ነው። የእሱ ሥራ ሞለኪውሎችን መመዘን ነው። ሃይድሮጅን አንድ ቢባል ሞርፊን 285 ይመዝናል፣ ሪፋምፒሲን ግን 822። ስትሪፕ ያምታታቸውን ሁለቱን ሚዛን ላይ ሲያወጧቸው ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም ያህል አይቀረውም።

አሠራሩን ባጭሩ ልንገርዎ። ሽንቱ ተጣርቶ በቀጭን ቱቦ ውስጥ ይነዳል፤ በውስጡ ያሉት ነገሮች ፍጥነታቸው ስለሚለያይ እያንዳንዱ በየራሱ ደቂቃ ይወጣል። ሲወጣ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ባለበት መርፌ ጫፍ እንደ ጉም ይረጫል፣ ኤሌክትሪክም ይሸከማል። ይህን መርጨት ለትልልቅ ሞለኪውሎች እንዲሆን ያበቃው ጆን ፌን እ.ኤ.አ. በ2002 የኬሚስትሪ ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ ነው። ከዚያ አየር በተሟጠጠበት ክፍል፣ በአራት ዘንጎች መካከል ያልፋል። ዘንጎቹ የተጠየቀውን ክብደት ብቻ ያሳልፋሉ፣ ሌላው በየመንገዱ ይወድቃል። ሞርፊን አንድ ሃይድሮጅን ጨምሮ በ286 ያልፋል። እሱንም ከጋዝ ጋር አጋጭተን እንሰብረዋለን፤ 165 እና 152 የሚመዝኑ ስባሪዎች ይወጡታል።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ማታ በማሽኑ ግራፍ 286 ላይ ጥርት ያለ ጉብታ አይቼ ሪፖርት መጻፍ ጀመርኩ። አለቃዬ ከኋላዬ ቆሞ «ደቂቃውስ?» አለኝ። ሞርፊን ከሚወጣበት ደቂቃ ውጪ ነበር። ሃይድሮሞርፎን የሚባል የሕመም ማስታገሻም ክብደቱ ያው 285 ነው፤ የሚለየው በደቂቃውና በስባሪዎቹ መጠን ነው። ከዚያ ማታ ወዲህ ደቂቃው፣ ዋናው ክብደት፣ ሁለት ስባሪዎችና የስባሪዎቹ ምጣኔ አንድ ላይ ካልተስማሙ አልፈርምም። በየናሙናው ውስጥም ሦስት ሃይድሮጅኖቹ በከባድ ሃይድሮጅን የተተኩ ሞርፊን እጨምራለሁ። እሱ በ289 ስለሚታይ ከናሙናው ሞርፊን ጋር አይምታታም፤ የሚወጣውም እጅግ ተቀራርቦ ስለሆነ ደቂቃዬን የምለካው በእሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጅዎን ይጠይቁልኝ። ለሳሉ ኮዴይን ያለበት ሽሮፕ ወስዶ ነበር? ኮዴይን በሰውነት ውስጥ በከፊል ወደ ሞርፊን ይለወጣል። እኛ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ደግሞ ይህን የሚለውጠው ኢንዛይም ዘረመሉ የተደገመ፣ ስለዚህም ከሌላው የበለጠ ሞርፊን የሚወጣው ሰው ብዙ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከመረመራቸው ኢትዮጵያውያን በ29 በመቶዎቹ አግኝቶታል። ሽሮፕ ጠጥቶ ከሆነ ማሽኑም ሞርፊን ቢያገኝ እውነቱን ነው፣ ልጅዎም እውነቱን ነው። ያኔ ኮዴይኑ ራሱ በ300 ላይ አብሮ ሊታይ ይችላል። ሄሮይን ቢሆን ኖሮ ደግሞ ለጥቂት ሰዓታት በ328 የሚታይ የራሱ ምልክት አለው።

አሁን እንዲህ ያድርጉ። ለድርጅቱ በጽሑፍ ያመልክቱ፣ የሕክምና ካርዱን ኮፒ ያያይዙ፣ ቀሪው ናሙና ታሽጎ በማስ ስፔክትሮሜትሪ እንዲረጋገጥ ይጠይቁ። ናሙናው ተደፍቶ ከሆነ አዲስ ይስጥ፣ መድኃኒቱን እየዋጠ። እናቱንም እህል ያስቀምሱልኝ።

«የፋርማሲ ተማሪ ነኝ፣ ማራኪ ነው ያለሁት። ጫት ውስጥ ያለው አነቃቂ ካቲኖንም፣ ዕፁ ሜታምፌታሚንም ክብደታቸው 149 ነው። ማሽኑ የሚመዝን ብቻ ከሆነ ጫት የቃመ ሰው ሜታምፌታሚን ወሰደ ሊባል ነው ማለት ነው?»

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ደስ አሰኝቶኛል። ልጅ ሳለሁ እናቴ ወለቃ ወርዳ ሸክላ ስትገዛ አብሬያት እሄድ ነበር። አንድ ቀን ስንመለስ አህያው ተደናቀፈና ጀበናውም ድስቱም ተንኮታኮቱ። ገሉን እየለቀምኩ ሳለ የቱ የቱ እንደነበር ለማወቅ አልተቸገርኩም፤ የጀበናው አንገትና እጀታ ተለይቶ ወድቋል። ሁለቱ ሸክላዎች ቢመዘኑ እኩል ይሆኑ ነበር ይሆናል፣ አሰባበራቸው ግን አንድ አይደለም።

ሁለቱም ሃይድሮጅን ጨምረው በ150 ይገባሉ። ሜታምፌታሚን ሲሰበር ናይትሮጅን ያለበት ጫፉ፣ 31 የሚመዝነው፣ ይለቅና 119 ይቀራል፣ ቀጥሎም 91። ካቲኖን ግን ኦክስጅን ስላለው መጀመሪያ የሚጥለው ውሃ ነው፤ 18 ቀንሶ 132 ይሆናል። ሜታምፌታሚን ኦክስጅን የለውምና ውሃ ከየት አምጥቶ ይጥላል? በዚህ ላይ ረቂቅ መዛኝ የሆነው መሣሪያ 149 ብሎ አያቆምም፤ አንዱን 149.084፣ ሌላውን 149.120 ብሎ ያነባል።

ጫት በቃመ ሰው ሽንት ውስጥ ደግሞ ካቲኖን ብቻውን አይገኝም። ሰውነት አብዛኛውን ወደ ኖርኤፌድሪን ይቀይረዋል፣ የጫቱ ሌላ ንጥረ ነገር ካቲንም አብሮ ይታያል። ቅጠሉ ሲደርቅም ካቲኖኑ እየሟሸሸ ይሄዳል፤ ቃሚው ጫቱን በእርጥብ ቅጠል የሚጠቀልለው ኬሚስትሪ ሳይማር ይህን ስላወቀ ነው። ስለዚህ 132ን፣ ኖርኤፌድሪንንና ካቲንን አንድ ላይ ሳይ ቃሚ ነው እላለሁ። ሜታምፌታሚን የሚለውን ስም አላነሣም።

«ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። መመረዝ የተጠረጠረ ሰው ሲመጣ ለናንተ የሚሆነውን ደም በምን ልቅዳ?»

ሲስተር፣ ክዳኑ ግራጫ የሆነውን ቱቦ ይጠቀሙ። ውስጡ ያለው ሶዲየም ፍሎራይድ ባክቴሪያና ኢንዛይም ደሙን እንዳይለውጡት ያግዳል። ሁለት ቱቦ ይቅዱ። ቆዳውን በአልኮል አይጥረጉ፣ አልኮል የምንመረምር ከሆነ ያደናግረናል። ስም፣ ቀን፣ ሰዓት ጽፈው ያሽጉ፣ እሽጉ ላይ ይፈርሙ፣ ፍሪጅ ያስገቡ።

ከተቻለ መድኃኒት ከመስጠትዎ በፊት ይቅዱ። ሕይወት ከቀደመ ደግሞ ይቅደም፤ ብቻ የሰጡትን ሁሉ ከነሰዓቱ ይጻፉልኝ። ደሙ ውስጥ ማረጋጊያ መድኃኒቱን ዲያዜፓምን ባገኝ፣ ከእርስዎ መርፌ ይሁን በሽተኛው ቤቱ ከዋጠው ክኒን፣ ማስ ስፔክትሮሜትሩ አይነግረኝም። የሚነግረኝ በእጅዎ የጻፉት ያ መስመር ነው።