ሐረር ላይ የግል አስጎብኚ ለምትፈልጊው እህት

እህቴ፣ ከቨርጂኒያ ልጆችሽን ይዘሽ ሐረር ልትሄጂ ነው። ከጅብና ከፈረንሳዊው ገጣሚ ከራምቦ ቤት አልፎ ጀጎልን፣ በግንብ የታጠረውን አሮጌውን ከተማ፣ ውስጥ ለውስጥ የሚያሳይ ሰው የት ይገኛል ብለሻል። እኔም ልጆቼን ይዤ ሄጄ ነበርና እኛ የገጠመን እንዳይገጥምሽ ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

1. አስጎብኚ ከመኪና ጋር በጥቅል አትያዢ። መኪና ያከራየን ድርጅት "አስጎብኚም አብሮ አለ" ብሎ ሙሉ ሂሳብ ቀድሞ ተቀበለን። የመጣው ልጅ ጨዋ ነው፤ ግን የከተማው ሰው አይደለም። የሐረሪዎቹን ቋንቋ፣ ጌይ ሲናንን፣ አይችልም፣ በሩን የሚከፍትለት ዘመድም የለውም። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ሲመዘግበው 82 መስጊድና 102 የአውሊያ ቦታ የተቆጠረበት ከተማ እኮ ነው! አንዱ ጋ እንኳ ቆም ብለን አላየንም። ራምቦ ቤት አስገባን፣ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ፎቶ አነሳን፣ ከዚያ አንድ የስፌት ሱቅ ወስዶ አቆመን። ልጆቼ ደክሟቸው ወለሉ ላይ እስኪቀመጡ ድረስ አልወጣንም። ኮሚሽን እንዳለው የነገረኝ ባለሱቁ ራሱ ነው። ድርጅቱ ጋ ስደውል ያነሳችው ሴት "ፕሮግራሙ ላይ ያለው ይሄ ብቻ ነው" ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ብሩም አልተመለሰ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

2. ጀጎል ተወልዶ ያደገ፣ የአስጎብኚነት ባጅ ያለው ሰው ፈልጊ። የት አትበይ፤ ማኪና ግርግር ሂጂ። የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ነው። እኔ የልጄን ቀሚስ ለሚያሳጥሩልኝ አባት ነገሩን አጫወትኳቸው። "የእህቴ ልጅ አለልሽ፣ ፈቃድም አለው" አሉኝ። ቀሚሱ ሳያልቅ ልጁ መጣ።

እሱ በየቅያሱ ሰው እየሳመ ነው የሚሄደው። አክስቱ ቤት ወሰደን። ጫማ አውልቀን ገባን። ሳሎኑ ውስጥ ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች አሉ፤ ነደባ ይሏቸዋል። ሁሉም ቀይ ነው። ቀዩ ቀለም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት ሐረሪዎች መታሰቢያ መሆኑን አክስቱ ነገሩን። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ከተቀመጠ ደግሞ በቤቱ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። ትንሿ ልጄ ይህን ከሰማች በኋላ በገባንበት ቤት ሁሉ መጀመሪያ የምታየው ከበሩ በላይ ሆነ። ያንን ሰው ራሴ ፈልጌ በማግኘቴ እውነት ለመናገር እኮራለሁ።

3. ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ቁረጡ፤ "ሱቅ አንገባም፣ ስንፈልግ እንነግርሃለን" በይው። የሙዚየም መግቢያና ለጅብ መጋቢው የሚሰጠው ለብቻ ነው ወይስ አብሮ፣ ይሄንንም ጠይቂ። ሰው ቤት ስትገቡ ፎቶ አስፈቅዳችሁ አንሱ፤ ስትወጡ ለቤቱ እናት በእጃቸው የሆነ ነገር ስጡ። በአስጎብኚው በኩል ይደርሳል አትበይ። ገበያውን፣ ግድር መጋላን፣ ለልጆቹ ጠዋት አሳዪያቸው፣ ከሰዓት ፀሐዩም ግፊያውም ያደክማቸዋል።

የምትሄጂበትን ቀን ጻፊልኝ። ልጁን ጠይቄ ከፈቀደ ስልኩን በውስጥ እልክልሻለሁ።