ቤት ሲለካ 158፣ ጤና ጣቢያ 138፦ የቱን እንመን? (መልስ)

ሰላም ወንድሜ። ጅማ ያሉት እናትህ የደም ግፊታቸው ጠዋት ቤት ሲለካ 158/94፣ ጤና ጣቢያ ግን 138/86 መሆኑ ግራ አጋብቶሃል። ማሽኑን ከመጠርጠርህ በፊት ሰዓቱን እይ። ጅማ ላይ ጠዋት ማለት ቡና ነው፤ ከአቦሉ በኋላ ወዲያው ከተለካ ቁጥሩ ለጊዜው ከፍ ሊል ይችላል። ከቡናው በፊት ለኩ፣ ካልሆነም 30 ደቂቃ ጠብቁ። ሽንት ቤት ደርሰው ይምጡ፤ ከዚያ 5 ደቂቃ ሳያወሩ ይቀመጡ፣ በርጩማ ላይ ሳይሆን መደገፊያ ባለው ወንበር፣ እግር ሳያነባብሩ፣ ክንዳቸው በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አርፎ። ክንድ ላይ የሚታሰረው የማሽኑ ጨርቅ በእጅጌ ላይ አይጠመጠምም። ለክንዳቸው ከጠበበም ቁጥሩን ያለ አግባብ ከፍ ያደርገዋል።

በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ7 ቀን መዝግቡ። የመጀመሪያውን ቀን ተዉትና የቀሪውን አማካይ አውጡ፤ የላይኛው 135 ወይም የታችኛው 85 ከደረሰ ደብተሩን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ የጠዋቱ ልኬት ከመዋጣቸው በፊት ይሁን። ወረደልኝ ብለው በራሳቸው እንዳያቆሙ፤ የወረደው እኮ ስለዋጡ ነው! ቡናው ላይ ጨው ጣል የሚያደርጉ ከሆነ እሱም ይቆጠራል፤ የቀኑ ጨው በጠቅላላ ከ5 ግራም፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ግድም፣ በታች ይሁን።

180/120 አልፎ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ሳምንት አይጠበቅም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። አፍ ከተጣመመ ወይም አንድ ጎን ከዛለማ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን።