ስለቱ የማያድር ሰንጢ

መሐል ሜዳ አካባቢ የሚኖር አንባቢ ነው የጻፈልኝ። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ስምንት ዓመት ከኪሴ ያልተለየ ታጣፊ ሰንጢ አለኝ። እጀታው ቀንድ ነው። ከኋላው ሞላ አለው፤ መቆለፊያ ግን የለውም። አምና ጫፉ ተሰበረና ገበያ ውስጥ በግራይንደር አሹለው ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። ስከፍተው ግራና ቀኝ ይነቃነቃል። ሳጥፈው ጫፉ ከእጀታው ብቅ ብሎ ኪሴን ይበሳል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ ማታ ስዬው አድሬ ጠዋት መሀሉ ላይ ዶልዱሞ አገኘዋለሁ። ብረቱ አርጅቶ ይሆን? ልጣለው?»

ወንድሜ፣ አትጣለው። ብረት ስምንት ዓመት ኪስ ውስጥ ስለኖረ ስለት መያዝ አያቅተውም። ይዝጋል፣ ይሳሳል፣ ይሰበራል፤ ያ ሌላ ነገር ነው።

ከጻፍከው ሁሉ ዋናው «መሀሉ ላይ» ያልከው ነው። ብረቱ ለስላሳ ሆኖ ቢሆን ስለቱ የሚሞተው ስትሠራበት፣ ያውም በምትቆርጥበት ቦታ ሁሉ ነበር። ያንተ ግን ምንም ሳይቆርጥ አድሮ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይዶለዱማል። ስለዚህ የሚዶለዱመው ስታጥፈው ነው። ስለቱ እጀታው ውስጥ ገብቶ ሞላውን ይመታል። አንተ «ቀጭ» ሲል ደስ ይልሃል፤ እሱ ብረት ከብረት እየተላተመ ነው።

እስቲ ከፍተህ በደንብ እየው። ስለቱ ከሚያልቅበት፣ ከእጀታው ጥግ፣ ያልተሳለች ትንሽ ጉብታ አለች። ተረከዝ እንበላት። ሰንጢው ሲታጠፍ ሞላው ላይ የምታርፈው እሷ ናት። እሷ ካረፈች ስለቱ ምንም ሳይነካ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀመጣል። እሷ በዕድሜ ብዛት ወይም በግራይንደር ከተበላች ግን ብረቱ ጠልቆ ይገባና ስለቱ ሞላው ላይ ያርፋል።

ይህን በግምት አንተወውም። ከደብተር ላይ ቀጭን ወረቀት ቅደድና እጀታው ውስጥ፣ ሞላው ላይ አስተኛው። መጀመሪያ ብረቱን በአውራ ጣትህ ይዘህ ቀስ ብለህ እጠፈው። ወረቀቱን አውጥተህ እይ። ቀጥሎ ሌላ ወረቀት አስገባና እንደልማድህ «ቀጭ» አድርገው። ቀስ ሲል ያልነካው፣ በኃይል ሲዘጋ ግን የቆረጠው ከሆነ ችግሩ ቀላል ነው፤ ቀስ ብሎ ማጠፍ ብቻውን ሊበቃህ ይችላል። ቀስ ብለህም አጥፈኸው ከቆረጠ ተረከዟ አልቃለች ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጫፉ ብቅ ሲል ገበያ ወስደህ ብታሳይ «ተረከዟን ሞርደን እናስገባልህ» ይሉሃል። እውነት ነው፣ ጫፉ ይገባል። ስለቱ ግን ይብስ ሞላውን ይመታል። ለዶልዱሙ ብለህ ሞላው ላይ የቆዳ ቁራጭ ብታስነጥፍ ደግሞ ብረቱ ከፍ ይልና ጫፉ የባሰ ይወጣል። ሁለቱ መድኃኒቶች እርስ በርስ ይጣላሉ። ስለዚህ ጫፉን ከተረከዟ በኩል አንነካውም። የምናስተካክለው ከጀርባው ነው።

ጫፉ ለምን ብቅ አለ? ሰንጢ ሲታጠፍ ስለቱ ወደ ውስጥ፣ ጀርባው ወደ ውጭ ነው። የተሰበረ ጫፍ በስለቱ በኩል እየተበላ ከሾለ፣ አዲሱ ጫፍ ወደ ጀርባው ይጠጋል። ወደ ጀርባ ተጠጋ ማለት ሲታጠፍ ወደ ውጭ ወጣ ማለት ነው። ግራይንደር የያዘው ሰው የለመደው የወጥ ቤት ቢላ ነው፤ ቢላ አይታጠፍም፣ በስለቱ በኩል ቢያሾለው ግድ የለውም። ታጣፊ ሰንጢ ግን ሁልጊዜ ከጀርባው በኩል ነው የሚሾለው።

ግን ከዚያ በፊት እጠበው። የጋቢና የበርኖስ ብናኝ፣ የቆሎ ገለባ፣ የብርቱካን ጭማቂ ተጋግሮ እጀታው ውስጥ ይደርቃል። አንዳንዴ ይህ ብቻ ብረቱን ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙና፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና ቀጭን ስንጥር ይበቃል። የፈላ ውሃ የብረቱን ጥንካሬ አያበላሸውም፤ በእኛ ደጋ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ጠንካራ ብረት ደግሞ የሚለሰልሰው ከ150 በላይ ሲሞቅ ነው። ቀንዱ ግን በሙቅ ውሃ ይጣመማል። ስለዚህ ለብ ያለ ይሁን፤ አትዘፍዝፈው። እንደታጠበ ወዲያው አድርቀው።

አሁን ወደ ጫፉ። ሰንጢውን እጠፈውና ከእጀታው ውጭ የቀረውን ጫፍ በእስክሪብቶ አስምርበት። የሚነሳው ከመስመሩ ውጭ ያለው ብቻ ነው። 120 ወይም 180 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ለጥፍ፣ ውሃ አርከፍክፍበት፣ ሰንጢውን ክፈትና የጫፉን ጀርባ እየገፋህ ፈግፍገው። ጀርባው ወደ ጫፉ ሲደርስ በትንሹ ወደ ስለቱ ዝቅ እንዲል ነው የምትፈልገው። በየመሀሉ አጥፈህ እየው። ጣትህ እጀታው ላይ ሲንሸራተት ጫፉ ካልነካህ አለቀ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሊፈጅብህ ይችላል። መቆለፊያ የለውም ብለሃል፤ ስትፈገፍግ ብረቱን ወደሚታጠፍበት አቅጣጫ አትጫነው፣ ጣትህ ላይ ይዘጋል።

ግራይንደር ለምን አልመክርም? ብረቱ ጫፍና ስለቱ ላይ ቀጭን ስለሆነ በቅጽበት ይግላል። ቀለሙ ይነግርሃል። 220 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ የገለባ ቢጫ ይሆናል፣ ወደ 300 ሲጠጋ ሰማያዊ። ስለቱ አጠገብ ሰማያዊ ጥላ ካየህ እዚያ ያለው ብረት ለስልሷል። ቀለሙን ወልውለው አጥፍተውት ከሆነ በሞረድ ፈትን። ደቃቅ ሞረድ ወስደህ መጀመሪያ ከእጀታው አጠገብ፣ ቀጥሎ ከጫፉ አጠገብ በቀስታ ሳብ አድርግ። እጀታው አጠገብ የሚንሸራተተው ሞረድ ጫፉ ላይ የሚነክስ ከሆነ ጫፉ ተቃጥሏል። መድኃኒቱ የለሰለሰውን ክፍል በእጅ፣ በውሃ እያቀዘቀዙ ፈግፍጎ ማንሳት ነው። ብዙ ጊዜ ከአንድ ሁለት ሚሊ አይበልጥም።

ጫፉ ከገባ በኋላ ወረቀቱን ድገመው። አሁንም ከቆረጠ፣ ስለቱ በሚመታበት ቦታ ሞላው ላይ ስስ የቆዳ ቁራጭ በማጣበቂያ ለጥፍ። ብረቱ በትንሹ ከፍ ስለሚል ወደ ጫፉ ተመልሰህ አንድ ሚሊ ያህል ጨምረህ ዝቅ አድርገው። ቆዳው እርጥበት ስለሚይዝ በወር በሁለት ወር እየው፤ ከራሰ ቀይረው።

መነቃነቁን በተመለከተ፣ በብሎን የታሰረ ከሆነ ሩብ ዙር አጥብቀህ ሞክር፤ ከዚያ በላይ አትቸኩል። በችንካር ከሆነ፣ የቀንድ እጀታ ያላቸው አብዛኞቹ በችንካር ናቸው፣ ችንካሩ ራሱ ላይ በትንሽ መዶሻ መቀጥቀጥ አለበት። ከሥሩ ከባድ ብረት ይደረጋል። ብረቱና እጀታው መካከል ስስ ወረቀት ይገባል፣ ሲጠብቅ እንዳይደርቅና መከፈት እንዳይከለክል። አንድ ሁለት ጊዜ ጠቅ፣ ከዚያ ከፍቶ መፈተሽ፣ እንደገና ጠቅ። መዶሻው ችንካሩን ስቶ ቀንዱን ካገኘው ቀንዱ ይሰነጠቃል። ይህን ቤትህ አትሥራው። ማረሻ ከሚቀጠቅጠው ባለእጅ ይልቅ ወርቅና ብር የሚሠራ አንጥረኛ ጋ ውሰደው። ባለእጁ ከባሌስትራ ድንቅ ቢላ ያወጣልሃል፤ ለዚህች ችንካር ግን መዶሻው ይከብዳል።

ዘይት ላይ ብዙ ጥፋት አያለሁ። የኑግ ዘይት አታድርግበት። ሲውል ሲያድር እንደ ሙጫ ይጣበቃል፣ ከዚያ ብናኙን ሁሉ ይሰበስባል። ቅቤም አይሆንም። ለመታጠፊያው አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጣል አድርገህ አሥር ጊዜ ክፈት፣ ዝጋ፤ ጥቁር ሆኖ የወጣውን ጥረግ። ለብረቱ ፊት፣ ምግብ ስለምትቆርጥበት፣ ስስ ቫዝሊን ይሻላል። ሎሚ፣ ብርቱካን ወይም ሽንኩርት ከቆረጥክ ሳትጠርግ አትጠፈው። ጉም ለብሰህ ጣርማ በርን ወርደህ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ደግሞ ላብ አለ፤ ኪስ ውስጥ ለብረት የሚከፋው የላብ ጨው ነው። ማታ ከኪስህ አውጥተህ ከፍተህ ብታስቀምጠው ጥሩ ነው፣ ልጅ ከማይደርስበት።

በመጨረሻ መሳሉ። ሌላው ሁሉ ሳይስተካከል አትሳለው፣ ብረት ታባክናለህ። ለኪስ ሰንጢ በየጎኑ 20 ዲግሪ አካባቢ ይበቃል። ዲግሪ መለኪያ አያስፈልግህም። ብረቱ ከስለት እስከ ጀርባ 15 ሚሊ ስፋት ካለው፣ ጀርባው ከመሳያው ድንጋይ 5 ሚሊ ገደማ ከፍ ይበል። በአንድ ጎን እየሳልክ በሌላው ጎን በጥፍርህ ስትነካው የምትይዝ ቀጭን ብረት እስክትሰማህ ቀጥል፤ ከዚያ ገልብጥ። ደህና ድንጋይ ከሌለህ የሲኒን ቂጥ እይ። ያልተቀባው ሻካራ ቀለበት ስለት ለማቅናት ግሩም ነው። ጨርሰህ የቆዳ ቀበቶ ጀርባ ላይ ስለቱን ወደ ኋላ እየጎተትክ ጥቂት ጊዜ ጥረገው። ያቺ ቀጭን ብረት የምትወድቀው እዚያ ነው።

ሌሎቻችሁ ደግሞ፣ ይህ ሁሉ የተባለው ከኋላው ሞላ ላለው ሰንጢ ነው። ካርል ኤልስነር እ.ኤ.አ. በ1897 ያስመዘገበው ቀዩ የስዊስ ሰንጢም በሞላ ነው የሚሠራው፣ የወረቀቱ ፈተና ይሠራለታል። የፈረንሳዩ ኦፒኔል ግን ሞላ የለውም። እጀታው እንጨት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ የሚዞር የብረት ቀለበት አለው። ክረምት ላይ አልከፈት ካላችሁ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ አብጦ ነው፤ በጥላ ሥር እስኪደርቅ ታገሡት እንጂ በመዶሻ አትምቱት።

ወንድሜ፣ ችንካሩን የሚሠራልህ አጥተህ ወደ ደብረ ብርሃን በሹፌር የምትልክልኝ ከሆነ፣ አጥፈህ በወረቀት ጠቅልለህ በላስቲክ እሰረው። ከመላክህ በፊት ግን አትሳለው። የዶለዶመው ቦታ እንዳለ ይምጣ፤ ሞላውን የቱ ጋ እንደሚመታ የማውቀው በእሱ ነው።