ስሙን ስጠራው የሚሸሸኝ ቡችላ

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

ጉዳዬ የሰው ስላልሆነ ቦታ ይሰጡት እንደሆነ አላውቅም። ግን ከባለቤቴ ጋር እያጋጨኝ፣ ልጄን እያስለቀሰብኝ ስለሆነ ጻፍኩልዎ።

የዛሬ ሦስት ወር ለ9 ዓመት ልጄ ቡችላ አመጣንለት። ቦቢ እንለዋለን። ያኔ የሁለት ወር ነበር፤ አሁን አምስት ወር ሞልቶታል። እኔና ባለቤቴ ሥራ፣ ልጄም ትምህርት ቤት ስንውል እሱ ስምንት ሰዓት ያህል ብቻውን ቤት ውስጥ ይቆያል። ስመለስ ምንጣፉ ላይ ሸንቶ፣ አንዳንድ ቀንም ጫማ አኝኮ ይጠብቀኛል። «ጠርተሽ አፍንጫውን ሽንቱ ላይ አስነኪው፣ ሁለተኛ አይለምደውም» ስለተባልኩ እንደዚያው አደርጋለሁ፤ አንዳንዴም በተጠቀለለ ጋዜጣ መታ አደርገዋለሁ። ጥፋቱን እንደሚያውቅ አልጠራጠርም። ገና በሩን ስከፍት ጆሮውን ጥሎ፣ ጭራውን ሸጉጦ፣ ዓይኑን ያሸሽብኛል። ታዲያ እያወቀ ለምን ይደግመዋል?

አሁን ደግሞ ስሙን ስጠራው መሸሽ ጀምሯል። «ና! ና! ና!» እያልኩ ግቢውን በጩኸት ብሞላውም ዞር ብሎ አያየኝም። ላነሳው ጎንበስ ስል እዚያው እግሬ ሥር ይሸናል። እኔ ከሶፋ ሳወርደው ባለቤቴ መልሶ ያወጣዋል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ልጄ ቦቢ እየበላ ሳለ ሳህኑን ሊነካ ሲል አጉረመረመበት። ባለቤቴ ደንግጦ በጥፊ መታው። ጎረቤታችን «አጋድማችሁ ያዙት፤ አለቃው ማን እንደሆነ ይወቅ» ይለናል።

ለሰው ልሰጠው አስቤያለሁ። ልጄ ይህን ሰምቶ እያለቀሰ ነው የተኛው። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባት እናት

---

ውድ እህታችን፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። በሩን ሲከፍቱ ቦቢ ላይ የሚያዩት ፊት ላይ ልቆይ፤ ሌላው ችግር አብዛኛው ከዚያ የሚመነጭ ይመስለኛልና።

ያ ፊት የጥፋተኝነት ፊት አይደለም። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የምትባል የውሻ ባሕርይ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት ይህንኑ ፈትሻለች። ባለቤቶቹ ውሾቻቸውን ምግብ እንዳይነኩ አዝዘው ከክፍሉ ወጡ። ሲመለሱ ውሻው ትእዛዙን ጠብቆ ወይም ጥሶ እንደሆነ ተነገራቸው፤ የተነገራቸው ግን ሁልጊዜ እውነቱ አልነበረም። በውጤቱም ውሾቹ ያንን «አጥፍቻለሁ» የሚል ፊት ያሳዩት ባለቤታቸው ሲቆጣቸው ነበር፤ ምግቡን መብላት አለመብላታቸው ለውጥ አላመጣም። እንዲያውም ምግቡን ሳይነኩ ቁጣ የደረሰባቸው ውሾች ይበልጥ አቀርቅረው ታይተዋል። ቦቢም ምንጣፉን እያሰበ አይደለም። የእርስዎን መምጣት ፈርቶ ነው፤ ጆሮውን የሚጥለው፣ ጭራውን የሚሸጉጠው «እባክሽ አትቆጪኝ» ለማለት ነው።

ውሻ አንድን ድርጊት ከውጤቱ ጋር የሚያያይዘው ሁለቱ በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ውስጥ ሲከታተሉ ነው። ቦቢ ረፋድ ላይ ሸንቶ እርስዎ ከሰዓት በኋላ ሲቀጡት ቅጣቱ ከሽንቱ ጋር አይገናኝለትም። የሚገናኝለት ከቅጣቱ አጠገብ ካለው ነገር ጋር ነው፤ ከበሩ ድምፅ፣ ከእግርዎ ኮቴ፣ ከስሙና «ና» ከሚለው ቃል ጋር። ይህ ውሻ አልማር ብሎ ሳይሆን የተማረውን በደንብ ይዞ ነው ስሙ ሲጠራ የሚሸሸው። እኔም የመጀመሪያ ውሻዬን በዚሁ መንገድ ፈሪ አድርጌዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ አፍንጫ ማስነካቱና ጋዜጣው ከዛሬ ጀምረው ይቅሩ።

ሽንቱን በተመለከተ ስህተቱ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። አንድ ቡችላ ሽንቱን የሚቋጥርበት ጊዜ በግምት የዕድሜው ወር ላይ አንድ ሰዓት ተጨምሮ ይሰላል። የአምስት ወሩ ቦቢ ቢበዛ ስድስት ሰዓት ይችላል፤ እናንተ የምትጠይቁት ስምንት ነው። በእኩለ ቀን የሚያስወጣው ሰው ፈልጉ። ካልተገኘ በቀላሉ የሚታጠብ ወለል ያለው ቦታ ከልላችሁ፣ ሽንት የሚመጥ ምንጣፍ አንጥፉለት። ቤት ስትሆኑ ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ ከምግብ በኋላና ከጨዋታ በኋላ ወዲያው ይውጣ። ሽልማቱ እዚያው ውጭ፣ ሸንቶ እንደጨረሰ ይሰጠው። ብዙ ሰው ወደ ቤት ከገባ በኋላ ይሸልማል፤ ያን ጊዜ ውሻው የሚማረው መግባት እንደሚያሸልም ነው። ምንጣፉን የሽንት ሽታ በሚያጠፋ የኢንዛይም ማጽጃ እጠቡት። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ሽታው ከሽንት ጋር ስለሚመሳሰል ወደዚያው ቦታ መልሶ ይስበዋል። ቶሎ ቶሎ ጥቂት ጥቂት የሚሸና ከሆነ ግን የፊኛ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም ይየው።

ጎንበስ ሲሉ የሚሸናው ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ የፍርሃትና የመገዛት ሽንት ነው፤ ውሻው ሊከለክለው አይችልም፣ ቁጣም ያባብሰዋል። ከላይ አይጎንበሱበት። ጎንዎን ሰጥተው ቁጭ ይበሉና እሱ ራሱ ይምጣ። ብዙ ቡችሎች ሲያድጉ ይተዉታል።

ጫማውን አንሡና የሚታኘክ ነገር ስጡት። ቡችላ 28 የወተት ጥርሶቹን በ42 ቋሚ ጥርሶች የሚለውጠው በዚህ ዕድሜው ስለሆነ ድዱ ያሳክከዋል። ሶፋውን በተመለከተ መፍቀድም መከልከልም ይቻላል፤ ግን ከባለቤትዎ ጋር ዛሬውኑ አንዱን ምረጡ። አንዱ የሚፈቅደውን ሌላው ሲከለክለው ውሻው ደንቡን ሊያውቅ አይችልም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ማጉረምረሙ ነው። ማጉረምረም የውሻ ቋንቋ ነው፤ «አትቅረበኝ፣ ምግቤን እንዳትወስድ ፈርቻለሁ» ማለቱ ነው። በጥፊ ሲመታ ፍርሃቱ እዚያው እንዳለ ማስጠንቀቂያው ብቻ ይጠፋል። ሳያስጠነቅቅ የሚነክስ ውሻ አንዳንድ ጊዜ የሚፈጠረው እንዲህ ነው፤ በቤትዎ ደግሞ ልጅ አለ። ልጅዎ ውሻው ሲበላም ሲተኛም እንዳይነካው ከዛሬ ጀምሮ ይከልክሉት። እርስዎ ወይም ባለቤትዎ ደግሞ እሱ ሲበላ ራቅ ብላችሁ እያለፋችሁ ሳህኑ ውስጥ ካለው ይበልጥ የሚጣፍጥ ቁራሽ ወርውሩለትና ሂዱ። ጠጋ የምትሉት ሰውነቱ ዘና ማለቱን እያያችሁ፣ ቀስ በቀስ በቀናት ውስጥ ነው። ሰው ሲቀርብ ምግብ እንደሚጨመር እንጂ እንደማይወሰድ ያኔ ያምናል። ሰውነቱን ገትሮ ከቆመ ወይም ሊነክስ ከሞከረ ግን ራሳችሁ አትቀጥሉ፤ ለሐኪምና ለውሻ ባሕርይ ባለሙያ አሳዩት።

ጎረቤታችሁ ደግ ሰው ይሆናሉ፤ ምክራቸው ግን ጊዜው አልፎበታል። የ«አለቃ» ነገር በሰፊው የተወራው በተዘጋ ቦታ ባንድነት ከታጎሩ የማይተዋወቁ ተኩላዎች ተነሥቶ ነው። ሐሳቡን ካስፋፉት አንዱ የሆነው የተኩላ ተመራማሪ ዴቪድ ሜክ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1999 በጻፈው ጽሑፍ አርሞታል፤ በዱር ያለው መንጋ በአብዛኛው እናት፣ አባትና ልጆቻቸው ናቸው። የፈራ ቡችላን ፊታችሁን አስጠግታችሁ አጋድሞ መያዝ ደግሞ ለመነከስ መጋበዝ ነው።

ልስጠው ያሉትን ትንሽ ያቆዩት። አምስት ወር ገና ነው፤ የለመደውን ፍርሃት የሚያስረሳ ጊዜ አላችሁ፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። «ና» የሚለው ቃል በቅጣት ስለተበላሸ ጣሉትና አዲስ ቃል ይኑራችሁ። ቃሉ አንድ ጊዜ ብቻ ይባላል፤ ደጋግሞ መጥራት ውሻውን የመጀመሪያውን ጥሪ ቸል እንዲል ያስተምረዋል። መጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ ከሁለት እርምጃ ርቀት ይጠራ፤ በመጣ ቁጥር ሁልጊዜ ቁራሽ ሥጋ ያግኝ። ልምምዱ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ሳይሰለች ይቁም። ግቢ ውስጥ ረጅም ገመድ አስራችሁ ጀምሩት። ጠርታችሁ መልሳችሁ ወደ ጨዋታው ልቀቁት፤ ስትጠሩት ሁሉ ጨዋታው የሚያበቃ ከሆነ መምጣቱን ይጠላል። ለማጠብ ወይም መድኃኒት ለመስጠት ሲሆን ግን አትጥሩት፤ ራሳችሁ ሄዳችሁ አምጡት።

ዛሬ ማታ ልጅዎን ያስጠሩና አዲሱን ቃል እሱ ይምረጥ። የመጀመሪያውንም ቁራሽ እርስዎ አጠገቡ ሆነው እሱ ይስጥ፤ ከመዳፉ መስጠቱ ይቆይና ወለሉ ላይ ያስቀምጥለት።